የስፔን «ቁጥር አንድ» ዘፈኖች፦ የትኛውን ሰንጠረዥ ልመን? ከችክችካ ጋርስ ለምን ይጋጫሉ?

ፒያሳ ሳውንድ

ሰላም ለዚህ ቤት። ለጥምቀት ሰሞን የሆቴል ምሽትና ለጥር ሰርግ የሚሆን የስፓኒሽ ዘፈን እየመረጥኩ ነው። ሦስት ነገር ላይ ተይዣለሁ።

አንደኛ፣ «በስፔን አንደኛ የወጣ» የሚባለው ዘፈን እንደየገጹ ይለያያል። አንዱ የፖርቶ ሪኮ ዘፋኝ ያስቀምጣል፣ ሌላው የማላውቀውን የስፔን ዘፋኝ፣ ሦስተኛው ደግሞ ካለፈው ዓመት የቀረ ዘፈን። የትኛው ነው የሚታመነው?

ሁለተኛ፣ ቨርችዋል ዲጄ የሚባለው የማጫወቻ ፕሮግራም አንድ የጎንደር ችክችካ ላይ 90 ቢፒኤም (ምት በደቂቃ)፣ «ዴስፓሲቶ» ላይ ደግሞ 89 ያሳየኛል። ቁጥሩ እንዲህ ተቀራርቦ እያለ ሁለቱን የሚያገጣጥመውን ሲንክ ስጫን እስክስታ የሚመታው ሰው እግሩ ይታሰራል። ቢትግሪዱን (ፕሮግራሙ ዘፈኑ ላይ የሚያሰምረውን የምት መስመር) ደጋግሜ አስተካክያለሁ፣ ለውጥ የለም።

ሦስተኛ፣ መድረክ መሪው የዘፋኞቹን ስም ሲጠራ እንግዶቹ ይስቃሉ። አጠራሩን የሚያውቅ በፊደላችን ቢጽፍልኝ።

ሰንጠረዥ ቆጣሪ

ማንም አልዋሸህም፤ የሚቆጥሩት ነገር ነው የተለያየው።

መጀመሪያ «ስፓኒሽ»ን ከ«ስፔን» ለያት። ቢልቦርድ ሆት ላቲን ሶንግስ የሚባለው ሰንጠረዥ የአሜሪካ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 የጀመረ ሲሆን ከ2012 ወዲህ ስትሪሚንግን፣ ሽያጭንና የሬዲዮ ስርጭትን ደምሮ ይሠራል። «ዴስፓሲቶ» እዚያ 56 ሳምንት አንደኛ ሆኖ ቆየ ሲባል የተቆጠረው አሜሪካ ውስጥ ያለው አድማጭ ነው። ማድሪድ ላይ ምን እንደተሰማ ከዚያ አታገኝም። ብዙ ገጽ ግን ይህን ወስዶ «በስፔን አንደኛ» ብሎ ይለጥፈዋል።

ለስፔን ለራሷ ኦፊሴላዊ የሚባለው የፕሮሙሲካኤ ሰንጠረዥ ነው። የሀገሪቱ የሙዚቃ አሳታሚዎች ማኅበር ነው፤ በየሳምንቱ 100 ዘፈን በደረጃ ያወጣል። እንግዶችህ እቤታቸው ምን ሲሰሙ እንደከረሙ ማወቅ ከፈለግህ ይህን ያዝ።

«ሎስ 40» ሌላ ነው። «አርባዎቹ» ማለት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1966 የተጀመረ የሬዲዮ ፕሮግራም ሲሆን ኋላ ራሱን የቻለ ጣቢያ ሆነ። ሰንጠረዡ የራሱ የጣቢያው ነው፤ ጣቢያው የሚያጫውተውንና አድማጩ የሚመርጠውን ይከተላል። ስለዚህ ለጆሮ የለሰለሰ ፖፕ እዚያ ከፍ ይላል፣ ጠንከር ያለው ሬጌቶን (የእነ «ዴስፓሲቶ» ስልት) ዝቅ ይላል። ያ የማታውቀው የስፔን ዘፋኝ ከዚህ የመጣ ይመስለኛል። የስፖቲፋይ ዕለታዊ ዝርዝር ደግሞ የአንድ መተግበሪያ ተጠቃሚ ብቻ ነው፤ ዛሬ የነበረው ነገ አይኖርም።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ልንገርህ። ከእ.ኤ.አ. 2015 ሐምሌ ጀምሮ በዓለም ዙሪያ አዲስ ሙዚቃ በአብዛኛው የሚለቀቀው ዓርብ ነው። አንድ ትልቅ ዘፋኝ ሙሉ አልበም ሲለቅ አድናቂው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ስለሚያዳምጠው የአልበሙ ዘፈኖች እንዳሉ ተግተልትለው ሰንጠረዡ ውስጥ ይገባሉ። ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ አብዛኞቹ የሉም። ያን ሳምንት ያየኸውን ዝርዝር ይዘህ ጥር ላይ ብትቀርብ ማንም አብሮህ አይዘፍንም። ስለዚህ ከደረጃው ይልቅ «ስንት ሳምንት ቆየ» የሚለውን አምድ እይ። 4ኛ ሆኖ 15 ሳምንት የቆየ፣ 1ኛ ሆኖ ገብቶ በሁለተኛው ሳምንት 30ኛ ከወረደው ለአንተ ይሻልሃል።

ወቅቱንም አስላ። ስፔኖች «የበጋው ዘፈን» የሚሉት ነገር አላቸው፤ «ካንሲዮን ዴል ቤራኖ» ይሉታል። ግንቦትና ሰኔ ላይ ይወጣል፣ ሐምሌና ነሐሴ ላይ በየባሕር ዳርቻውና በየመንደሩ ክብረ በዓል ይነግሣል። እኛ ዘንድ ያኔ ክረምት ነው፣ ፍልሰታም ስላለ ሰርግ የለም። ስለዚህ ለጥር ስትዘጋጅ የጥርን ሰንጠረዥ አትክፈት፤ ወደ ሐምሌና ነሐሴ ተመለስ። ሰው የጨፈረበትን ነው የሚያስታውሰው።

የስፔን አንደኛ ዘፋኝ ስፔናዊ ላይሆን እንደሚችል ካወቅህ ደግሞ ግርታው ይቀንሳል። ባድ ባኒ የፖርቶ ሪኮ ነው፣ ካሮል ጂ የኮሎምቢያ። በ2022 ሐምሌ የወጣውና ስፔንን የተቆጣጠረው «ሴሽን 52» አርጀንቲናዊው ፕሮዲዩሰር ቢሳራፕ ከግራን ካናሪያው ልጅ ከኬቤዶ ጋር የሠራው ነው። በ2023 ጥር ከሻኪራ ጋር ያወጣው «ሴሽን 53»ም እዚያው አንደኛ ሆኗል።

ከበሮና ቢት

ሁለተኛውን ጥያቄ ለእኔ ተውልኝ። ጥፋቱ የቢትግሪዱ አይደለም፤ ፕሮግራሙ ችክችካ መቁጠር አያውቅም።

እነዚህ ፕሮግራሞች በአራት ለሚሄድ ሙዚቃ የተሠሩ ናቸው። ችክችካ ስድስት ስምንተኛ ነው። በያንዳንዱ ከባድ ምት ውስጥ ሦስት ጥቃቅን ምት አለ፦ አንድ-ሁለት-ሦስት፣ አንድ-ሁለት-ሦስት። እግር የሚወርደው፣ ትከሻ የሚጣለው በከባዱ ላይ ነው።

እስኪ አስላው። ከባዱ ምት በደቂቃ 120 ቢሆን ጥቃቅኑ 360 ይሆናሉ። ፕሮግራሙ በሦስት በሦስት መቧደን ሲገባው በአራት በአራት ይቧድንና 90 ይልሃል። አንዳንዴ በሁለት ቧድኖ 180 ይልሃል። ስክሪኑ ላይ 90 ያየኸው ዘፈን በእግር 120 ነው ማለት ነው። «ዴስፓሲቶ» ግን እውነተኛ 89 ነው። ሲንክ ስትጫን ጥቃቅኖቹ ተገጣጠሙ፤ ከባዶቹ ግን አንዱ በየሦስቱ፣ ሌላው በየአራቱ ነው የሚወድቁት። እግሩ የታሰረው ሰውዬ ትክክል ነው፣ የተሳሳተው ማሽኑ ነው።

ለማረም ሲንክን አጥፋና ታፕ የሚለውን ቁልፍ በከባዱ ከበሮ ልክ 16 ጊዜ ያህል ንካው። ቸኩለህ ከሆነ በሒሳብ፦ 90 ካለህ በ4 አባዝተህ ለ3 አካፍል፣ 180 ካለህ በ2 አባዝተህ ለ3 አካፍል። ሁለቱም 120 ይሰጡሃል። የእጥፍና የግማሽ ቁልፎቹ እዚህ አያድኑህም፤ ከ90 ተነስተው ወይ 180 ወይ 45 ነው የሚሰጡህ።

የሬጌቶንን ውስጥ ካየኸው ነገሩ የበለጠ ይገባሃል። አንዱን ባር (አንድ ሙሉ የምት ዙር) በ16 ጥቃቅን ምት ቁጠረው። ቤዝ ድራሙ 1፣ 5፣ 9፣ 13 ላይ ይመታል፤ ስኔሩ 4፣ 7፣ 12፣ 15 ላይ። ዴምቦ የሚሉት ይህን ነው፤ ስሙን ያገኘው ከጃማይካዊው ሻባ ራንክስ ዘፈን ነው። አሁን 1፣ 4፣ 7 የሚሉትን ብቻ ስማ፦ ሦስት፣ ሦስት። እስከዚህ ድረስ ንጹሕ ችክችካ ነው! ከዚያ ግን ሁለት ብቻ ቆጥሮ 9 ላይ እንደገና ይጀምራል። ጆሮህ መጀመሪያ «ገጠመ» ብሎ ወዲያው የሚደናገረው ለዚህ ነው። ሦስት-ሦስት-ሁለት ነው፣ ያቺ ሁለት ናት ሁሉን የምታፈርሰው።

ሁለቱ እንደገና ባር ለባር የሚገናኙት ከ48 ጥቃቅን ምት በኋላ ነው። ይህ 3 የሬጌቶን ባር፣ 16 የችክችካ ከባድ ምት ነው፤ በዚህ ፍጥነት ልክ 8 ሰከንድ። ስለዚህ የችክችካውን ከበሮ ብቻ ሉፕ አድርገህ (እየተደጋገመ እንዲዞር)፣ 8 ሰከንድ አብረህ አስኪደህ፣ መገናኛዋ ላይ ችክችካውን ብትቆርጠው ያምራል። ሉፑን ግን ፕሮግራሙ በሚሰጥህ 4 ወይም 8 ቢት አትቁረጠው። በ16ቱ ከባድ ምት ልክ በእጅህ መጀመሪያና መጨረሻውን ምልክት አድርግ።

ይህ ሁሉ ጣጣ አልፈልግም ካልክ ሬጌቶኑን ተወውና ከ120 እስከ 130 ያሉትን ውሰድ። እነሱ ከችክችካ ከባድ ምት ጋር ፊት ለፊት ይገጥማሉ። የሻኪራው ሴሽን 122፣ የኬቤዶው 128፣ የራው አሌሃንድሮ «ቶዶ ዴ ቲ» 128፣ የሮሳሊያ «ዴስፔቻ» 130 ነው። ሲደራረቡ የአንዱን ትሬብል ዝቅ አድርግ፤ ከባዱ ምት ገጥሞ ሻሻታው ግን ሦስት በሁለት ስለሚሆን ይንጫጫል።

ፍጥነት ስትቀይር ድምፁ እንዳይቀጥን ወይም እንዳይወፍር የሚይዘው፣ ኪ ሎክ የሚሉት፣ ይብራ፤ ያም ሆኖ ከ6 በመቶ አትለፍ። 122ን ወደ 128 ማምጣት 5 በመቶ ገደማ ነው፣ ይቻላል። 89ን ወደ 98 ማምጣት ግን ከ10 በመቶ ያልፋል፤ ዘፋኙ የሚያሯሩጡት ይመስላል።

ፒያሳ ሳውንድ

ከበሮና ቢት፣ እድሜ ይስጥህ! ታፕ አደረግሁት፣ 121 ሆኖ ወጣ። በተፈጥሮው በሦስት የሚሄድ የስፓኒሽ ዘፈንስ አለ?

ከበሮና ቢት

አለ። ኮሎምቢያ ቫዬናቶ የሚባል አለ፤ አኮርዲዮን፣ ካሃ የምትባል ትንሽ ከበሮና ጓቻራካ የሚሉት የሚፋቅ መሣሪያ ነው የሚጫወቱት። ቫዬናቶ አራት ዓይነት ምት አለው፦ ፓሴዮ፣ ሶን፣ ፑያና ሜሬንጌ። ይህ የቫዬናቶው ሜሬንጌ ስድስት ስምንተኛ ነው። ከዶሚኒካን ሪፐብሊኩ ሜሬንጌ ጋር እንዳታምታታው፤ ያኛው በሁለት የሚሄድ ነው፣ ስማቸው ብቻ ነው አንድ። ሜክሲኮም በሦስት የሚሄድ ኮሪዶ ሞልቷል፤ በ2023 ገንኖ የነበረው የፔሶ ፕሉማ ትውልድ ከዚያ ነው የመጣው። ለጎንደር ጆሮ እነዚህ ከሬጌቶኑ ይልቅ ቅርብ ናቸው፤ ወጣቱ ግን አይጠይቃቸውም፣ ችግሩ እሱ ነው።

እታለም ከማራኪ

አጠራሩን እኔ ልርዳህ፣ ወንድምዓለም። ደግነቱ ፊደላችን ለስፓኒሽ ከላቲኑ ይልቅ ይመቻል።

ጄ ብለው የሚጽፉት ሁልጊዜ «ኸ» ነው፤ ሆሴ እንጂ ጆሴ የለም። የላስ ኬቹፕ ዘፈን «አሴሬኼ» ነው እንጂ አሰረጄ አይደለም። ኤን ላይ ሰረዝ ያለባት ፊደል የእኛው «ኝ» ናት፦ ኤስፓኛ። ቪ የተጻፈው እንደ «ብ» ይነበባል፤ ስለዚህ ኬቤዶ እንጂ ኩዌቬዶ አትበሉት። ኤች አትነበብም። ሁለት ኤል ተከታትለው ከመጡ በአብዛኛው «ይ» ናቸው። ሁለት አር ደግሞ እኛ «በረረ» ስንል ረን እንደምናጠብቀው ይጠብቃል። ዜድን የላቲን አሜሪካ ሰው «ስ» ይላታል፤ የማድሪዱ ምላሱን በጥርሱ መሐል ያወጣል። መድረክ መሪው በ«ስ» ቢላት ማንም አይስቅበትም።

አሁን ያልጠየቅከኝን ልጨምር፤ ሰርግ ስላልክ ነው። «ማካሬና»ን ሙሽሮቹ ሲገቡ አታጫውታት። የሴቢያዎቹ የሎስ ዴል ሪዮ ዘፈን ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1996 በሪሚክሷ አሜሪካ ላይ 14 ሳምንት አንደኛ ሆናለች፣ ዳንሷንም ሁሉ ያውቀዋል። ግጥሟ ግን ፍቅረኛዋ ለውትድርና ቃለ መሐላ ሲፈጽም ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ስለሄደች ሴት ነው። ከስፔን የመጣ እንግዳ ካለ ሙሽራዋን አይቶ አፉን ይይዛል። ከእራት በኋላ፣ ሰው ሲሞቀው፣ ለዳንሱ ብቻ ትሁን።

የሻኪራው ሴሽንም መለያየት ላይ ያለ የነገር ዘፈን ነው። የካሮል ጂ «ቱሳ» ርእሷ ራሱ በኮሎምቢያ አነጋገር ከፍቅር መለያየት በኋላ የሚመጣ ሐዘን ማለት ነው። «ዴስፔቻ»ም በፍቅር የተከፋች እንደማለት ነው። ሰንጠረዡ አናት ላይ የሚወጣው ግማሹ እንዲህ ነው፤ ምቱ ይጨፍራል፣ ቃሉ ያለቅሳል። ለሰርግ የምመክርህ የካርሎስ ቢቤስና የሻኪራ «ላ ቢሲክሌታ»ን ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በላቲን ግራሚ የዓመቱ ዘፈን የሆነ ነው፤ የቫዬናቶ ጠረን አለው፣ ቃሉም ለሽማግሌ ፊት አያሳፍርም።

«አሴሬኼ»ን ግን ትርጉም አምጪ አትበለኝ። የለውም። የኮርዶባ እህትማማቾቹ ላስ ኬቹፕ እ.ኤ.አ. በ2002 የዘፈኑት ነው፤ ዝማሬው ስፓኒሽም ሌላ ቋንቋም አይደለም። እንግሊዝኛ የማይችል ሰው አንድ የቆየ የራፕ ዘፈን ሰምቶ ባሻው ሲደግመው ነው። ልጆች ያሉበት ሰርግ ላይ ከዚህ የተሻለ አታገኝም፣ ምክንያቱም ሁሉም እኩል አይገባውም።

አዘዞ ኦዲዮ

ከበሮና ቢት ያለው ሒሳቡ ልክ ነው። የ8 ሰከንዱን መደራረብ ግን ለሄድፎን ነው የምፈቅደው። ግድግዳው ሲሚንቶ፣ ጣራው ቆርቆሮ በሆነ አዳራሽ ውስጥ ድምፁ ተመልሶ ሲመጣ ሦስትና አራቱ ተደበላልቆ ገንፎ ይሆናል። ሸራ ዳስ ውስጥ ከሆነ ሞክረው፤ ሸራ ድምፅ አይመልስም። አዳራሽ ከሆነ ቁረጥ። ችክችካው የግጥሙን መጨረሻ ሲጨርስ ኤኮ ልቀቅበት፣ ቤዙን ዝጋ፣ ኤኮው ሁለት ሦስቴ ከደገመ በኋላ አንድ ምት ዝም አሰኘው፣ ከዚያ ሬጌቶኑን ከመግቢያው ሳይሆን ሁሉም ከሚያውቀው አዝማች ጀምረው። ዝምታዋ ናት እግሩን የምትፈታው።

ፋይሉንም ተመልከት። ከዩቲዩብ ቪዲዮ የወረደ ዘፈን ብዙ ጊዜ መግቢያው ላይ የመኪና ድምፅ፣ ወሬ፣ የባሕር ድምፅ አለበት፤ መሐሉ ላይም ለትዕይንት ሲባል ይቋረጣል። የኦዲዮውን ብቻ ስሪት ፈልግ። በ128 ኪሎቢት ጥራት የወረደን ፋይል ወደ 320 መለወጥ ውሃ ወቀጣ ነው፤ የጠፋው ትሬብል አይመለስም፣ ፋይሉ ብቻ ነው የሚወፍረው። በትንሽ ስፒከር አይታወቅም፤ በትልቁ ላይ ጽናጽሉ እንደ ቅጠል ኮሽታ ይሆናል።

የድምፅ መጠኑም አንድ አይደለም። አዲሶቹ ዘፈኖች እስኪጨናነቁ ተገፍተው የተቀረጹ ናቸው፤ ከካሴት የተገለበጠ የጎንደር ዘፈን ከጎናቸው ሲመጣ ሹክሹክታ ይመስላል። ዲጄው ያኔ ማስተሩን ከፍ ያደርጋል፣ ቀጥሎ ሬጌቶኑ ሲመጣ የሽማግሌዎቹ ጠረጴዛ ይዘላል፣ አምፕሊፋየሩም ቀይ ይበራል። ማስተሩን አትንካው። አዲሶቹን በየቻናላቸው ጌን (የመግቢያ ድምፅ መጠን) ከ4 እስከ 6 ዴሲቤል አስቀድመህ ዝቅ አድርጋቸው።

ሌላው፣ የአዳራሹ ስፒከሮች ከሚክሰሩ በአንድ ገመድ ብቻ የተሳቡ ከሆነ የምትሰማው የግራውን ቻናል ብቻ ነው። ሬጌቶን ላይ አጃቢ ድምፅና ጊታሩን ወደ ቀኝ የሚገፉበት ጊዜ አለ፤ ያኔ ዘፈኑ ግማሹ የለም። ፕሮግራሙ ውስጥ ማውጫውን ሞኖ አድርገው፣ ያልቃል።

ከካሴት የመጣው ማሲንቆና ከበሮ ደግሞ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ፍጥነት የለውም፤ እየሞቀ ይሄዳል። 118 ጀምሮ 126 ሊጨርስ ይችላል። ስለዚህ ታፑን መጀመሪያው ላይ አታድርገው፤ የምትወጣበት የመጨረሻው ደቂቃ ላይ ለካው። በኪቦርድ የተሠሩት አይንቀሳቀሱም፣ እነሱን አንዴ ለክተህ እርሳቸው።

ፒያሳ ሳውንድ

121 ያልኩት ለካ መግቢያውን ነው የለካሁት! መጨረሻው 127 ሆነ። በሉ አንድ የቀረችኝ፦ ሰርጉ ላይ በአካል ከበሮ የሚመታ ሰው ቢኖርና በስፔኑ ዘፈን ላይ ልግባ ቢልስ?

ከበሮና ቢት

በኬቤዶው 128 ላይ ይግባ፤ ግን በከባዱ ምት ብቻ፣ ባዶ እጁን በትልቁ ፊት ላይ። ሦስቱን ጥቃቅን እንዳይሞላ አስቀድመህ ንገረው፤ ዘፈኑ አዝማቹን ጨርሶ ሲወርድና ቤዙን ስትዘጋለት ያኔ ይልቀቀው። ከዚያ ዘፈኑን ቀስ ብለህ አውጣና እሱን ብቻውን ተውለት፤ በራሱ ፍጥነት ወደ ጎንደርኛው ይወስድሃል። ሞኒተር ስፒከር አጠገቡ አድርግለት እንጂ። የአዳራሹን ድምፅ ብቻ ሰምቶ ከመታ ዘግይቶ ነው የሚደርሰው፤ 10 ሜትር ርቀት ብቻ 30 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ያዘገየዋል፣ ያቺ ደግሞ በጆሮ ትታወቃለች።